ወፎቹ የበዙባቸው አራት እሑዶች

ለሰፊው ተማሪ በሙሉ! የአውራጃው ተማሪዎች የአዕዋፍና የአራዊት ሥዕላዊ መግለጫ ውድድር አስተባባሪ ኮሚቴ ግንቦት 11 ቀን 1978 ዓ.ም. ባደረገው አስቸኳይ ስብሰባ የላጲስን ጉዳይ በጥልቀት ከመረመረና ሰፊ ውይይት ካካሄደ በኋላ፣ ለእያንዳንዱ ቡድን ግማሽ ላጲስ እንዲሰጥ በሙሉ ድምፅ መወሰኑን በታላቅ አብዮታዊ ስሜት ያስታውቃል። ላጲሱን ለሁለት የመቁረጡ ኃላፊነት ለኮሚቴው ጸሐፊ የተሰጠ ሲሆን፣ ትንሹ ቁራጭ ደረሰኝ የሚል ቡድን አቤቱታውን በሦስት ቅጂ ማቅረብ ይችላል።

ማስታወቂያው ናዝሬት፣ የቀበሌው አዳራሽ በር ላይ በአራት ሚስማር ተመትቶ ነበር። ለሁለት ላጲስ አራት ሚስማር። ሱሩር ጮክ ብሎ አነበበውና የቡድናችንን ድርሻ በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ብርሃን እያነሳ፣ በግማሽ ላጲስ የሚጠፋው ግማሽ ስሕተት ብቻ ስለሆነ ስንሳሳት በልክ እንሳሳት አለን። ሳቅን። ከዚያ ለምን እንደሚያስቅ አስረዳን።

ሱሩር እንዲህ ነበር። ቀልድ ይነግርሃል፣ ቀልዱን ያስረዳሃል፣ ማስረዳት ለምን እንዳስፈለገ ደግሞ ለብቻው ያስረዳሃል። አባቱ አቶ አብዱልመናን ከወሎ መጥተው ገበያው ዳር የጨርቅ ሱቅ የከፈቱ ዝምተኛ ሰው ናቸው። የቤቱን ወሬ ሁሉ ልጁ የወረሰው ይመስላል። ሒሳብ ላይ ግን የሚደርስበት አልነበረም። አሥራ አንደኛ ክፍል ስንደርስ የሒሳብ አስተማሪያችን ጥያቄ ጽፎ ወደ ተማሪው ሲዞር መጀመሪያ ሱሩርን "አንተ ዝም በል" ይለው ነበር።

ቡድናችን ሦስት ነን። ሱሩር ያሰላል፣ እኔ ብዙነህ እጽፋለሁ እሥላለሁ፣ ጉዲቱ ደግሞ ቆጠራውን ታመጣለች። ውድድሩ ሦስት ቀን ነው። ሐሙስ ጠዋት አዳራሽ ትገባለህ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዳኞች ይፈርዳሉ። በመሃሉ ከየአገርህ ያመጣኸውን ቆጠራ፣ ወፍ ይሁን ጉማሬ፣ ግራር ይሁን ዓሣ፣ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ቆሞ አይቶት እንዲገባው አድርገህ በአንድ ነጭ ካርቶን ላይ ትሥላለህ። ከደብረ ዘይት፣ ከመቂና ከዓለም ጤና ሌሎች ሦስት ቡድኖች መጥተዋል። የዓለም ጤናዎቹ ጅብ ነው የቆጠሩት፤ በጩኸት። አንድ ጅብ ሦስቴ ከጮኸ ሦስት ጅብ ነው። በዚህ ስሌት ወረዳው ከሰው ይልቅ በጅብ የበለጸገ ሆኖ ተገኝቶ ነበር።

የእኛ ቆጠራ ግን የምር ቆጠራ ነው። የጉዲቱ አባት አቶ ኢተፋ አራት ዓመት ሙሉ፣ አንድ እሑድ መመዝገብ ሳያጓድሉ፣ ከቆቃ ሐይቅ ዳር የቆጠሩት።

ስለ አቶ ኢተፋ ጥቂት ማለት አለብኝ። የአንደኛ ደረጃ የሳይንስ አስተማሪ ናቸው። ሚስታቸው ከሞተች በኋላ ጉዲቱን ብቻቸውን ነው ያሳደጓት። እኛ አሁን ላጲስ የምንከፋፈልበት አዳራሽ ድሮ የጴንጤዎች ጸሎት ቤት ነበር፤ እሳቸው ደግሞ የበሩ አገልጋይ። ጴንጤዎች አንድ ልማድ አላቸው፤ ይቆጥራሉ። ዝማሬው ሲያልቅ አንድ ሰው ኋላ ቆሞ የመጣውን ጉባኤ በራስ ይቆጥርና ይህን ያህል ወንድ፣ ይህን ያህል ሴት፣ ይህን ያህል ሕፃን ብሎ ይመዘግባል። ያ ሰው አቶ ኢተፋ ነበሩ። አዳራሹ ተወርሶ ግድግዳው አረንጓዴ ከተቀባ በኋላ ዘጠኝ ወር ታሰሩ። ሲፈቱ መርማሪው፣ ሁለተኛ እዚህ ከመጣህ ልጅህ ስንቅ ለማመላለስ አትደክምም፣ አስፈላጊ አይሆንም፣ ብሎ ሸኛቸው። ማንም የሚገባው አማርኛ ነው።

ከዚያ ወዲህ አቶ ኢተፋ ቤታቸው ውስጥ እንኳ ድምፅ አውጥተው ሲጸልዩ ጉዲቱ ሰምታ አታውቅም። እሑድ እሑድ በማለዳ ተነሥተው በዓለም ጤና አውቶብስ ወደ ሐይቁ ይሄዳሉ። የት ነው ሲሏቸው "ቆጥሬ ልምጣ" ይላሉ። ሰፈሩ፣ ሰውዬው እግዚአብሔርን ትቶ ወፍ ያዘ አለ። ጉዲቱ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ አዘነች፣ ኋላ ግን ኮራችበት። በፋይላቸው ላይ "ፀረ ሕዝብ" የሚል ቃል ስለተጻፈ እድገት የለም፣ ዝውውር የለም፣ ሰላምታም እንደ ልብ የለም። በዳኞቹ ሰብሳቢ በጓድ አምባዬ የተፈረመ አንድ የምስክር ወረቀት፣ ለአገራቸው አዕዋፍ ላደረጉት አስተዋጽኦ የሚል፣ ያንን ቃል ሊያስፍቀው ይችላል ብላ አስባለች። ያንን ነበር የፈለገችው። ከሽልማቱ አንዳች አልፈለገችም፤ አባቷ በከተማው መንገድ አንገታቸውን ቀና አድርገው እንዲሄዱ ብቻ። ድንገተኛ ደስታ እንዲሆንላቸው ደብተሩን ከመደርደሪያቸው ሳትነግራቸው ወሰደችው።

ደብተሩ ባለ ሠላሳ ሁለት ገጽ ነው። በየመስመሩ አንድ እሑድ፣ አራት ረድፍ ቁጥር። በየረድፉ አናት ቃል የለም፤ ሥዕል ነው። ትልቅ ወፍ፣ መለስተኛ ወፍ፣ ጫጩት፤ በመጨረሻ ከውኃ ብቅ ያለ ወፍ። እኛ ሽመላ፣ እርግብ፣ ጫጩት፣ ዳክዬ ብለን ስም አወጣንላቸው። ዳክዬዋ ግራ አጋባችን፤ ዓመቱን ሙሉ ባዶ ትሆንና አንድ እሑድ ላይ አምስት ወይም ስድስት ትሆናለች። ሱሩር፣ ይቺ ዳክዬ ገላዋን የምትታጠበው በዓመት አንዴ ነው፣ ከነብዙነህ ቤት ትሆናለች አለ።

ሌላም ነገር አይቶ ቀለደ። አንዳንድ እሑድ ቁጥሩ በሙሉ ዜሮ ነው። ጉዲቱ አስታወሰችና እነዚህ አባቷ ሐይቅ ያልወረዱባቸው፣ ቀበሌው ነዋሪውን በሙሉ ለስብሰባ የጠራባቸው እሑዶች መሆናቸውን ነገረችን። ሱሩር ወዲያው፣ አይደለም፣ ወፎቹም ስብሰባ ነበራቸው አለ። ሦስታችንም እስኪያመን ሳቅን።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በአሣሣሉ ላይ ተከራከርን። ሱሩር፣ እሑዶቹን በወር ደምረን አሥራ ሦስት ምሰሶ እንሥራ፣ ጳጉሜን አጭር ትሆናለች እንጂ ያምራል አለ። እኔ እምቢ አልኩ። በየእሑዱ አንድ ነጥብ ይሁን፣ ነጥቦቹ በቀይ ቀለም ይገናኙ፣ ለአራቱ ዓመታት አራት መስመር አንዱ ካንዱ በላይ ይቀመጥ፣ ልክ እንደ ተራራ ሰንሰለት። እጄ ጥሩ ነበር፤ ቆንጆ ነገር ለመሥራት ጓጓሁ። ጉዲቱ ከእኔ ጋር ቆመች፣ አባቷ የደከሙበት እያንዳንዱ ቀን እንዲታይ። ሁለት ለአንድ አሸነፍነው። በወር ቢደመር ኖሮ ሚያዝያ ወፍ የሚበዛበት ወር ይመስል ነበር፣ አለቀ። ይህን የማውቀው አሁን ነው። ያኔ የማውቀው ቀይ መስመር ነጭ ካርቶን ላይ እንደሚያምር ብቻ ነበር።

ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨረስን። በእውነት ያምር ነበር። የቀለም መስመር፣ ላጲስ የማይነካው። በአዳራሹ ፊት ለፊት ግድግዳ ላይ ሰቀልነው፤ ፀሐይ ስታርፍበት ከአረንጓዴው ቀለም ሥር የድሮ ፊደላት ጥላ የሚታይበት ቦታ ላይ። ሌላ ነጻ ሚስማር አልነበረም።

ጓድ አምባዬ ያን ጊዜ ነው ለጉብኝት የመጡት። እንደ ሌሎቹ ጓዶች ቢሆኑ ኖሮ መስመሩ ወደ ላይ ይውጣ ወደ ታች ይውረድ ብቻ አይተው ያልፉ ነበር። እሳቸው ግን ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት ስታቲስቲክስ ተምረዋል፤ ያቋረጡት አብዮቱ ስለፈለጋቸው ነው። ሥዕላዊ መግለጫ ይወዳሉ። "ሰው ይዋሻል፣ መስመር አይዋሽም" ይላሉ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው።

መጀመሪያ የደብረ ዘይቶቹ ዘንድ ቆሙ። ልጆቹ በሐይቆቹ ላይ የሚበርሩትን ወፎች ከነሰዓቱና ከነአቅጣጫው ሥለው ነበር፣ በሚያስቀና ጥራት። ጓድ አምባዬ አነበቡ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ እንደገና አነበቡ። ከዚያ በደብረ ዘይት ሰማይ ላይ የሚበርር ማንኛውም ነገር እንቅስቃሴ ወታደራዊ ምስጢር መሆኑን በለሆሳስ አስረድተው ካርቶኑን አስጠቀለሉና ለአጃቢያቸው ሰጡት። ከልጆቹ አንዱ፣ ርግብም ቢሆን ጓድ? አለ። ርግብም ቢሆን።

ከዚያ ወደ እኛ መጡ። ብዙ ቆሙ። ጣታቸው በላይኛው መስመር ላይ ቀስ እያለ ሄዶ አንዲት ሹል ጫፍ ላይ ቆመ። ወደ ታችኛው መስመር ወረደ፤ ሌላ ሹል ጫፍ። አራት መስመር፣ አራት ጫፍ። ከዜሮዎቹ በቀር ሌላው እሑድ ሁሉ ሃያ፣ ሃያ ሁለት፣ አሥራ ዘጠኝ ነው። ጫፎቹ ሃምሳ አንድ፣ አርባ ሰባት፣ ሠላሳ ስምንት፣ ስድሳ ሦስት። ከየጫፉ ሥር ቀኑን በደንብ አድርጌ ጽፌዋለሁ።

"ይኼ ምንድን ነው?" አሉ።

"ወፎቹ የበዙበት ቀን ነው፣ ጓድ" አለች ጉዲቱ።

"አያለሁ። ለምን በዙ?"

"አባቴ ነው የሚያውቀው።"

የአባትሽ ስም ማን ነው አሏት። ነገረቻቸው። ስሙን ከዚህ በፊት የሰሙት ይመስል ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ፈገግ ብለው፣ እንዲህ ያለ ትጉህ ዜጋማ ተደብቆ መቅረት የለበትም፣ ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይምጣና ያስረዳን፣ ደብዳቤ ይጻፍለታል አሉ። ጉዲቱ እጆቿን አፏ ላይ ጫነች። እንባዋ መጣ። ደስታ ነበር።

ሱሩር ያኔ ምንም አልተናገረም። ሱሩር ምንም አለመናገሩን ማስተዋል ነበረብኝ።

ግቢው ውስጥ ቧንቧ አለ። እጄን ከቀይ ቀለም ልታጠብ ስወጣ ተከትሎኝ መጣ። ውኃውን ከፈተና ድምፁ ከፍ እንዲል ሙሉ አድርጎ ለቀቀው።

"ብዙነህ፣ ወፍ ባሕረ ሐሳብ ታሰላለች?"

ቀልድ መስሎኝ ማብራሪያውን ጠበቅሁ። አልመጣም። ይልቅ በአባቱ ሱቅ ውስጥ ፋሲካ ማለት የልጆች ቀሚስ ማለት መሆኑን ነገረኝ፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጥቅሉን የሚሸከም እሱ ስለሆነ ቀኑን አይረሳም። በሰባ አምስት ፋሲካ ሚያዝያ ሠላሳ ዋለ፤ ቀሚሱ ቀድሞ አለቀባቸው። በሰባ ስድስት አሥራ አራት። በሰባ ሰባት በስድስተኛው ቀን ከተፍ አለ፤ ቀሚሱ ከአዲስ አበባ ሳይደርስ በዓሉ አለፈ፤ አባቱ ዓመት ሙሉ በጥቅል ላይ ተቀምጠው ከረሙ። ዘንድሮ ሃያ ስድስት።

ቀኖቹን በራሴ እጅ ነበር የጻፍኳቸው። ሠላሳ፣ አሥራ አራት፣ ስድስት፣ ሃያ ስድስት።

ትልቅ ወፍ ወንድ ነው። መለስተኛ ወፍ ሴት። ጫጩት ሕፃን። ከውኃ ብቅ ያለው ደግሞ፣ ጴንጤዎች ሰው ሲያጠምቁ ሐይቅ ውስጥ አጥልቀው እንደሚያወጡ ማን የማያውቅ አለ።

"ሰው ነው የሚቆጥሩት" አልኩ።

"ቀስ በል።"

ለካ ሰውየው ምንም አልተዉም። ጉባኤው አዳራሹን ሲያጣ ሐይቅ ዳር ወረደ፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ የሽንኩርት ማሳ ሊያርሙ የሚሄዱ መስለው፣ በአንድ ዘመድ እርሻ ዳር። አቶ ኢተፋ ደግሞ እንደ ድሮው ኋላ ቆመው ቆጠሩ። መቁጠር አያስፈልግም ነበር። የሚቀርብለት ጉባኤ የለም፣ የሚጠይቅ የለም። ግን ሃያ ዓመት የለመደ እጅ ነው፤ የመጣን ሰው ሳይቆጥሩ መሸኘት እንደ ንቀት ሆነባቸው መሰለኝ። በደብተር ውስጥ ተዘግቶ ሲቀመጥ የማንም ዓይን የማያየው ቁጥር ነበር። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ እንዲገባው አድርጌ የሣልኩት እኔ ነኝ።

ቧንቧው ሥር ቆመን ያሰብነውን ሁሉ አሰብን። መስመሩን ማስተካከል አይቻልም፤ ቀለም ነው፣ ላጲሳችንም ግማሽ ነው። ለጉዲቱ እንንገራት አልኩ። ሱሩር አይሆንም አለ፤ ነገ ፊቷን ያዩታል፣ ያላወቀች ከሆነች ግን ቢመረምሯትም የሚያገኙባት ነገር የለም። ለአቶ ኢተፋ እንንገራቸው አልኩ። ሱሩር አንድ ነገር አስታወሰኝ። አንደኛ ደረጃ ሳለን አቶ ኢተፋ አራት ደቂቃ አርፍደው ሲመጡ የአስተማሪዎች መፈረሚያ መዝገብ ላይ ማንም ሳያያቸው "አራት ደቂቃ አርፍጃለሁ" ብለው በገዛ እጃቸው ጽፈው ነበር። ወፍ ነው ብለው ለማንም ተናግረው አያውቁም፤ እኛ ነን ያልነው። ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ምን ቆጠርክ ካላቸው ይናገራሉ። ቢጠፉ ደግሞ መጥፋታቸው ራሱ መልስ ነው፤ ልጃቸውስ?

"እና ምን ይሻላል?" አልኩት።

ቧንቧውን ዘጋው። "አንተ ምንም አላየህም" አለኝ፣ "ነገ ሲጠይቁህ እንደዚያ በል፤ ደሞ አደራ፣ ያንተ ፊት እንደሆነ እንደ አህያ ጆሮ ከሩቅ ነው የሚታየው።" ለምን እንደሚያስቅ አልነገረኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሻይ የሚያፈሉት እትዬ ቡዜ ከሰል ምድጃቸውን በሩ አጠገብ አቀጣጥለዋል። ጉዲቱ የእናቷን ሹራብ ደርባ ካርቶናችን ፊት ቆማለች፣ ዘብ ይመስል። ጓድ አምባዬ ከዳኞቹ ጋር ተቀምጠው ደብተራቸውን ይገልጣሉ። ሱሩር ከኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ ሙሉ የሰማያዊ ቀለም ጠርሙስ አነሣ። በዝግታ ሄደ። ለጉዲቱ አንድ ነገር ሊያሳያት የፈለገ መስሎ ትንሽ ዘወር እንድትል በእጁ ጠቆማት፤ ዘወር አለች። ከላይ ከመጀመሪያው ጫፍ ጀምሮ አፈሰሰው። ሰማያዊው በቀዩ ላይ፣ በተራራዎቹ ላይ፣ በቀኖቹ ላይ ወረደ። የቀረውን በመዳፉ አዳረሰው፣ ግድግዳ እንደሚለስን ሰው። ከዚያ ደብተሩን ከአግዳሚው ላይ አንሥቶ፣ ማንም ከመቀመጫው ሳይነሣ፣ በሩ ድረስ ሄዶ በእትዬ ቡዜ ከሰል ላይ አስቀመጠው። አልወረወረውም፤ አስቀመጠው። ድስት ይመስል።

ለምን በግላጭ እንዳደረገው የገባኝ ቆይቶ ነው። በስውር ቢጠፋ ኖሮ፣ ማን ሊያጠፋው ፈለገ ተብሎ የሚታሰበው ባለደብተሩ ነበሩ።

ጉዲቱ አልጮኸችም። ከሰሉ ላይ እጇን ልትሰድ ስትል እትዬ ቡዜ ያዟት።

አቶ ኢተፋ በዚህ መሃል ገቡ። ኮት ለብሰዋል፣ የተላከላቸውን ደብዳቤ በደረት ኪሳቸው ይዘዋል። ፊታቸው የመጨረሻ ጉዳዩን ጨርሶ የመጣ ሰው ፊት ነበር፤ ሊያስረዱ ነው የመጡት። ካርቶኑን አዩ። ምድጃውን አዩ። ከዚያ የሱሩርን እጆች አዩ፣ እስከ ክርኑ ሰማያዊ የሆኑትን። በግድግዳው ላይ ቀለሙ የፈሰሰበት ቦታ ሥር የሚታየውን የፊደል ጥላ ከእኛ ሁሉ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ እሱንም አዩት። ቆባቸውን አወለቁ።

ጓድ አምባዬ ለአፍታ ከሱሩር ይልቅ ወደ እሳቸው ተመለከቱ። ቁጥሮቹን በቃልዎ ያስታውሷቸዋል? አሏቸው።

"ቁጥሩ ደብተሩ ላይ ነበር፣ ጓድ" አሉ አቶ ኢተፋ። "ደብተሩ ከሌለ ቁጥር የለም።"

እውነት ነበር። አንዲት ፊደል ውሸት የለበትም።

ከዚያ ነገሩ ሁሉ ወደ ሱሩር ዞረ። ማን ላከህ አሉት፤ ማንም። ቀንተህ ነው? የቡድኑ አባል ነኝ፣ በራሴ ልቅና? አሻጥር መሆኑን ታውቃለህ? ሰማያዊ እጆቹን አየ። እኔን ጠየቁኝ። አላየሁም፣ ጓድ አልኩ። ሁለት ሜትር ርቄ ቆሜ ነበር፤ የአዳራሹ ሕዝብ በሙሉ ያየውን እኔ አላየሁም። የማስታውሰው በጣቶቼ ላይ የቀረውን ቀይ ቀለም ለመደበቅ እጄን ኪሴ መክተቴን ነው።

አንደኛ የወጣው የመቂ ቡድን ነበር። ቲማቲም ነው የቆጠሩት። ቲማቲም አውሬ ነው ወይስ ወፍ ብሎ የጠየቀ የለም፤ መስመሩ ወደ ላይ ብቻ ነበር የሚሄደው። ሽልማታቸው ስድስት ደብተርና አንድ ሙሉ ላጲስ ነበር።

ሱሩር ከትምህርት ቤት ተባረረ። በሐምሌ የቀበሌው የብሔራዊ ውትድርና ዝርዝር ሲወጣ ስሙ ከላይ አንደኛ ነበር፣ ዕድሜው ሳይደርስ። ከሰሜን አንድ ደብዳቤ ጻፈ፣ ለአባቱ፤ ስለ ብርድ። ሌላ አልመጣም። በሰማንያ ሦስት ሠራዊቱ ተበትኖ በእግሩ በናዝሬት ሲያልፍ አቶ አብዱልመናን ሱቃቸውን ከፍተው፣ ሳይሸጡ፣ ሰኔን ሙሉ መንገድ ዳር ቆመው ዋሉ። የሚያልፈውን አንድ በአንድ ያዩ ነበር።

አቶ ኢተፋ ከዚያች ቅዳሜ በኋላ ምንም ነገር አልቆጠሩም ይባላል። ክፍል ውስጥ ስም ይጠራሉ እንጂ ስንት መጣ ስንት ቀረ አይሉም። ሐይቁ ዳር ያለው ጉባኤ እንደቀጠለ ሰምቻለሁ፤ ስንት እንደነበሩ ግን የሚያውቅ የለም። እሳቸው ከሐይቁ ሲመለሱ እሑድ ከሰዓት በኋላ የአቶ አብዱልመናን ሱቅ በር ላይ በርጩማ ላይ ይቀመጡ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ምን እንደሚነጋገሩ ጠይቄ አውቃለሁ። ምንም፣ አለኝ የሱቁ ጎረቤት።

አዳራሹ ለጴንጤዎቹ ሲመለስና አረንጓዴው ቀለም ሲፋቅ ነው አባቷ ለጉዲቱ የነገሯት። አምስት ዓመት ሙሉ የሱሩርን ስም ሰው ሲጠራ ከቤት ትወጣ ነበር። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቁጭ በይ" ብለው ጀመሩላት። ሲጨርሱ ተነሥታ ወደ ሱቁ ሮጠች። አቶ አብዱልመናን ሰምተዋት፣ የዘረጉትን ጨርቅ መልሰው አጠፉና፣ ልጄ፣ ውኃ ጠጪ አሏት።

እኔ ግን ዘወትር የምመለሰው ወደዚያች ቅዳሜ ነው፤ ረፋዱ ላይ፣ ግቢው ውስጥ። ሱሩርን የሚወስደው መኪና እስኪመጣ ቧንቧው ሥር አስቀምጠውታል፣ አንድ የአብዮት ጥበቃ አጠገቡ ቆሞ። እጁን እንዲታጠብ አልፈቀዱለትም፤ ማስረጃ ነው። ጉዲቱ ከአዳራሹ ወጥታ ቀጥ ብላ ወደ እሱ ሄደች። ተከተልኳት። ጥበቃው ያያታል፣ ዞር በይ አላላትም፤ እሱም መስማት ፈልጓል።

"አባቴ ምን አደረገህ?" አለችው።

መሬት መሬት ያያል።

"አራት ዓመት ነው። አንድ እሑድ አልቀረም። ሰው አክብሮት እዚህ አዳራሽ የገባው ዛሬ ነበር፣ ዛሬ አንድ ቀን።" ከዚያ ቀስ ብላ፣ እንደ ልመና፣ "ሱሩር፣ አንተ እኮ የማታስረዳው ነገር የለም። ላጲስ እንኳ አስረድተኸናል። ይቺን ብቻ አስረዳኝና እተውሃለሁ" አለችው።

ቀና ብሎ አያት። እኔን አላየኝም። ጥበቃው አንገቱን አስግጓል።

"አላስረዳም" አለ።